እሁድ እሁድ የዋሸሁበት ባሕር

ይህን የምጽፈው ከተመለስን በሦስተኛው ሳምንት፣ ኮምቦልቻ ሱቄ ውስጥ፣ በመጋረጃ ጨርቅ ክምር መሃል ተቀምጬ ነው። ከደሴም ከኮምቦልቻም ወዳጅ ዘመድ እየመጣ "እስቲ ቤሩት እንዴት ናት? ንገሪን" ይለኛል። ለአንዱ ጀምሬ ሳልጨርስ ደንበኛ ይገባል። በኋላ "አንዴ ልጻፈውና እየተቀባበላችሁ አንብቡት" አልኩ።

ቤሩትን ድሮም አውቃታለሁ። በሃያ ሁለት ዓመቴ ለቤት ሥራ ሄጄ ስድስት ዓመት ኖሬባታለሁ። ከተመለስኩ አሥር ዓመት አልፎኛል፤ አሁን መጋረጃ እየሰፋሁ እተዳደራለሁ። እናቴ ዘይነባ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው የምትኖረው። ታናሽ ወንድሜ አህመድ አብሯት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በዒድ ምሳ ላይ ነው። እናቴ እጇን ታጥባ ስታበቃ ዞር አለችና፣ "ሰዓዳ፣ ጉልበቴ ሳይደክም አንድ ቦታ ውሰጂኝ" አለች።

መካ ልትል ነው ብዬ፣ "ኢንሻአላህ እማ፣ የት?" አልኳት።

"ቤሩት፣ እሁድ እሁድ ትቀመጪበት ወደነበረው ባሕር ዳር።"

የጎረስኩትን ሳላላምጥ ዋጥኩት። ምክንያቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ለእሷ ግን ያን ዕለት አልነገርኳትም። ቤሩት ሳለሁ እሁድ እሁድ ማዳሜ፣ አሠሪዬ፣ ለአሥር ደቂቃ ስልክ ትሰጠኝ ነበር። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ከቤት መውጣት ግን አይፈቀድም፤ ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው። የመጀመሪያው እሁድ ስደውል እናቴ መናገር እስኪያቅታት አለቀሰች። ቆሜ የነበረው በኩሽናው በረንዳ ላይ ነው። ከሩቅ፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል፣ እንደ ቀበቶ የቀጠነ ሰማያዊ ነገር ይታያል። ያን እያየሁ "አታልቅሺ እማ፣ ባሕር ዳር ተቀምጬ እኮ ነው የምደውልልሽ። እሁድ እሁድ እዚህ እየመጣን እንዝናናለን" አልኳት። ለቅሶዋን አቆመች። በሚቀጥለው እሁድ "ዛሬስ ባሕሩ እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔም መለስኩላት። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ዓመት ሆነ። የምቀመጥበት ድንጋይ ነበረኝ፤ የምበላው ዓሣ ነበረኝ፤ እግሬን ውሃ ውስጥ እነክር ነበር። ሁሉም በወሬ።

ብቻ እምቢ ማለት አልቻልኩም። እውነቱን ለመናገርም ጉጉቱ ከፍርሃቱ በለጠብኝ። እኔም ያን ባሕር ነክቼው አላውቅማ።

ዝግጅቱ አራት ወር ፈጀ። መጀመሪያ ፓስፖርት ነበር። ማሽኑ የእናቴን አሻራ አላነብ አለ። የጣቶቿ መስመር ጠፍቷል። እዚያ የምትሠራው ልጅ ቫዝሊን እየቀባች፣ እያበሰች፣ ደጋግማ ሞከረች። እናቴ "ልጄ፣ ስልሳ ዓመት ስሠራበት አልቆ ነው፤ ያለውን ያህል ውሰጂ" አለቻት። በሰባተኛው ተሳካ። ቪዛው ደግሞ ጋባዥ ይጠይቃል። ጋባዣችን ከድጃ ሆነች። ከድጃ የእኛው ወሎ የቢስቲማ ልጅ ናት፤ ያኔ በአንድ አውሮፕላን ነው የሄድነው። እሷ እዚያው ማሕሙድ የሚባል ዳቦ ጋጋሪ አግብታ ቀረች። የግብዣውን ደብዳቤ የጻፈው እሱ ነው። በዚያ አገር ጦርነት ነበርና ነገሩ ረገብ እስኪል ደግሞ ጠበቅን።

ሆጤ ወሬውን ከሰማ በኋላ ቤታችን ከሰው አልጠራም። ጎረቤታችን እትዬ ሮሚያ ፊት ለፊት ተናገሩ፦ "ዘይነባ፣ ከዕባን ሳታዪ ባሕር ልታዪ ትሄጃለሽ?"

"ሐጁን ነይቻለሁ፣ በልቤ ይዣለሁ፤ እሱ የአላህ ነው" አለች እናቴ። "ይሄ የልጄ ነው። ስድስት ዓመት የተቀመጠችበትን ድንጋይ አይቼ እመጣለሁ።"

እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ።

ያን ሰሞን ከድጃ ዘንድ ደወልኩ። "ከድጃ፣ ከእናንተ ቤት ወደ ባሕር የሚኬደው በየት ነው?"

"ስድስት ዓመት ኖረሽ እኔን ትጠይቂኛለሽ?"

"እኔ መስኮቱን እንጂ መንገዱን አላውቅም።"

ከዚያ ታስረዳኝ ጀመር። 'ሰርቪስ' የሚሉት እንደኛ ታክሲ እየጫነ የሚሄድ መኪና አለ፤ የባሕር ዳሩን መንገድ ስም 'ኮርኒሽ' ስትዪው ያደርስሻል አለችኝ። ለፈተና እንደሚያጠና ተማሪ ደብተር ላይ ጻፍኩት። ጨርቅ እየቀደድኩ በልቤ እደግመዋለሁ። አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። የት ቁርስ እንደምንበላ፣ በየት በኩል እንደምንሄድ፣ እናቴ ሲደክማት የት እንደምናርፍ ሳይቀር አቅጄ ነበር።

ረቡዕ

አህመድ ከደሴ በመኪናው ይዞን ወረደ። እናቴ ከፊት ተቀምጣለች። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ ሌላ ጊዜ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ያን ቀን ግን ጦሳ ተራራን ዞር እያለች "ደኅና ቆየኝ" ስትለው ሰማኋት።

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣዋ ሲፈተሽ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በርበሬና በፕላስቲክ የታሸገ ቅቤ ወጣ። ፈታሹ ወጣት ቅቤውን እያገላበጠ "ይሄ ምንድን ነው እማማ?" አላት።

"ቅቤ ነው፤ ሰው ቤት ባዶ እጄን ልግባ?"

ፈገግ ብሎ ራሱ መልሶ አሰረላት።

አውሮፕላኑ በክንፉ ላይ መዘውር የሚሽከረከርበት ትንሹ ዓይነት ነው። እናቴ እንደ አውቶቡስ በሩ ላይ ቆም ብላ "አሰላሙ ዐለይኩም" አለች። ግማሹ ሰው "ወዐለይኩሙ ሰላም"፣ ግማሹ "እንደምን አደሩ እናቴ" አላት። ሊነሳ ሲል መዳፏን ዘርግታ ጮክ ብላ ዱዓ ጀመረች። ከኋላም ከፊትም ሰው "አሚን" ይል ጀመር። አስተናጋጇም ቀበቶዋን አስራ ቁጭ ብላ "አሚን" ስትል አየኋት።

ቦርከና ወንዝ ከታች እንደ ክር ቀጥኖ አለፈ። ገና ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ "አዲስ አበባ ደርሰናል" ተባለ።

"በመኪና ቀኑን ሙሉ አይደል እንዴ?" አለች እናቴ።

"አዎ።"

"ታዲያ ይሄ መንገዱን የት አደረገው?"

አዲስ አበባ ለአንድ ሌሊት አልጋ ይዘን አደርን። ስለ አዲስ አበባ አልጽፍም፤ ታውቋታላችሁ።

ሐሙስ

ትልቁ አውሮፕላን ውስጥ እናቴን መስኮት ዳር አስቀመጥኳት። ምግቡ በሳህን ሳህን ተለያይቶ ሲመጣ "የሠርግ ነው እንዴ?" አለች። ዳቦውን በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከአራት ሰዓት በላይ በረርን። በመጨረሻ በስተግራ የሆነ ሰማያዊ ነገር መጣና መስኮቱን ሞላው። እናቴ ክንዴን ያዘች፤ እኔም የእሷን። በዚያ አገር ስድስት ዓመት የኖርኩት እኔ፣ ያን ያህል ሰፊ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ፓስፖርት የሚታይበት አዳራሽ ስንደርስ ቆም አልኩ። በጎን በኩል ወንበር የተደረደረበት ክፍል አለ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ከሌሎች ልጆች ጋር እዚያ ተቀምጠን፣ አሠሪ እየመጣ ስማችን እስኪጠራ አንድ ቀን ከግማሽ ጠብቀናል። እናቴ ክፍሉን ሳይ አየችኝና "ምንድን ነው እሱ?" አለች።

"መስገጃ ነው" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

"ታዲያ ሁለት ረከዓ ልስገድ።"

"ዝግ ነው እማ። ዝግ ነው።"

ዩኒፎርም የለበሰው ወጣት ፓስፖርቴን እያየ በዓረብኛ "ማዳምሽ ማን ናት?" አለኝ።

ይህን ጥያቄ አራት ወር ጠብቄዋለሁ። "ማዳም የለኝም። እናቴን ቤሩት ላሳያት ነው የመጣሁት" አልኩት። ደብዳቤውን አየ፤ ቪዛውን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እናቴን አየ። እሷም ሰላምታዋን አቀረበች። "ወዐለይኩሙ ሰላም፣ አህላን ያ ሐጃ" አላትና ማኅተሙን አሳረፈ።

እናቴ ትንሽ ከሄድን በኋላ ቆመች። "ሐጃ አለኝ እኮ። ተመለሽና 'ሐጅ አላደረገችም፣ ገና ናት' በዪው፤ ያላደረግሁትን ስም መውሰድ ወንጀል ነው።"

በሩ ላይ ከድጃ ከማሕሙድ ጋር ቆማ ነበር። እናቴን በወሎ ደንብ ትከሻ ለትከሻ፣ እጅ ስማ፣ ስማ፣ ልትለቃት አልቻለችም። ማሕሙድ አማርኛው "እንዴት ነሽ" እና "ብዪ እንጂ" ብቻ ነው፤ በሁለቱ አምስት ቀን ሙሉ አስተናገደን።

ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው። መብራት ስለሌለ ሊፍቱ አይሠራም። እናቴ ደረጃውን እያረፈች ስትወጣ "እዚህም መብራት ይሄዳል?" አለች። ከድጃ "ኧረ ከናንተም ይብሳል" ስትላት "አልሐምዱሊላህ፣ እኛን ብቻ መስሎኝ" ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። እራት ፉል ቀረበ። "ይሄማ ደሴም ፒያሳ አለ" ብላ በደንብ በላች። ከጎኑ አረንጓዴ ፍሬ ነበር። ወይን መስሏት ሁለቱን አንድ ላይ ጎረሰች። የወይራ ፍሬ ነው፤ በጨው የተዘፈዘፈ። ሰው ቤት ምግብ አይተፋም። ዓይኗ እንባ እያቀረረ፣ ከነዘሩ እያላመጠች፣ ማሕሙድን በጭንቅላቷ አመሰገነችው። እሱም ወደደችው ብሎ ሳህኑን አስጠጋላት።

ዓርብ

ጠዋት ማሕሙድ ቀጭን ቂጣ ላይ ጦስኝ የመሰለ ቅጠልና ዘይት ቀብቶ ጋግሮ አመጣ። እናቴ ሁለት በላች። ከዚያ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ ሽቶ ተቀብታ፣ በሩ ላይ ቆመች። "በይ፣ ምሪኝ" አለች።

ከድጃ ልትከተለን ፈልጋ ነበር፤ እናቴ ግን "ሰዓዳ ታውቀው የለ" አለች።

ደብተሬን ስንት ጊዜ አጥንቻለሁ። ሰርቪሱ ውስጥ ስገባ ግን 'ኮርኒሽ' የሚለው ቃል ከአእምሮዬ ጠፋ። "ወደ ባሕር" አልኩት ሹፌሩን። ሹፌሩ ባሕር አለችኝ ብሎ ወሰደን። ያወረደን የወደቡ አጥር ጥግ፣ ኮንቴይነር የተቆለለበት ቦታ ነው። ክሬን ይንጫጫል፤ የጭነት መኪና አቧራ ያለብሰናል።

እናቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ዙሪያውን አየች። "እዚህ ነው ትቀመጪ የነበረው?"

"አይ፣ ትንሽ ወደዚያ ነው።"

ትንሹ ብዙ ሆነ። መንገድ ላይ አንዲት ሴት ጠየቅሁ፤ ከዚያ አንድ ባለሱቅ፤ ከዚያ ፖሊስ። እናቴ ከኋላዬ ትከተለኛለች። "ረሳሽው እንዴ?" አለችኝ አንድ ጊዜ። "ከተማው ተቀይሯል እማ" አልኳት። አሥር ዓመት ነውና አመነችኝ። በመጨረሻ አንዱ ባለመኪና አዝኖልን ያለ ሒሳብ ኮርኒሹ ላይ አደረሰን።

ኮርኒሹ በባሕሩ ጥግ የሚሄድ ሰፊ የእግር መንገድ ነው፤ የደሴ ሰው ማታ ማታ ፒያሳ እንደሚንሸራሸር እዚያም ሰው ይንሸራሸራል። ልዩነቱ በአንዱ በኩል ሕንፃ፣ በሌላው በኩል ምንም የለም። ውሃ ብቻ። የት እንደሚያልቅ አይታይም። ነፋሱ የእናቴን ነጠላ እንደ ባንዲራ ያውለበልበዋል። ልቤ እንደ ልጅ ይዘላል።

"የትኛው ነው?" አለች እናቴ።

ከታች፣ ብረቱን አልፎ፣ ድንጋዮች አሉ። አንዱን ጠፍጣፋውን አሳየኋት። እጇን ይዤ አወረድኳት። መጀመሪያ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ከዚያ "ቢስሚላህ" ብላ ተቀመጠች።

ፈንጠር ብሎ አንድ ሽማግሌ ረጅም ዘንግ ይዞ ዓሣ ያጠምዳል። ባሕሩን እንዴት እንደማይ አይቶ መሰለኝ፣ በዓረብኛ "ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የመጣሽው?" አለኝ። እኔም ደስታው አሳስቶኝ፣ እናቴ አጠገቤ መሆኗን ረስቼ፣ "አወል መራ" አልኩት። "ወላሂ፣ አወል መራ።" የመጀመሪያዬ ነው ማለት ነው።

'አወል' የመጀመሪያው ቡና ስም ነው፤ ወሎ ውስጥ የማያውቀው የለም። እናቴ ዞረች።

"አወል ነው ያልሽው?"

ዓይኔን ወደ ሽማግሌው ዘንግ መለስኩ።

"ምኑ ነው አወል?"

'ላንቺ አወል ነው እያልኩት ነው' የሚል መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ወላሂ ብያለሁ፤ እሷም ሰምታለች።

"እማ፣ እዚህ መጥቼ አላውቅም" አልኳት። "ስድስት ዓመት አንድም ቀን ከዚያ ቤት ወጥቼ አላውቅም።"

ተነሳች፤ ቀሚሷን አራገፈች፤ ሳልይዛት በራሷ ወደ ላይ ወጣች። በመንገድም፣ በሰርቪሱም፣ ደረጃውን ስንወጣም አላናገረችኝም። ከድጃ ፊታችንን አይታ ወደ ኩሽና ገባች። ምሳ ቀረበ፤ እናቴ ሻይ ብቻ ጠጣች። የዐስርን ሶላት ከሰገደች በኋላ ስጋጃው ላይ እንደተቀመጠች ጠራችኝ።

"እሁድ እሁድ ስልኩን ስንዘጋ እኔ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ?" አለች። "በሩን ዘግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጥ ነበር። አጠገብሽ፣ ያ ድንጋይ ላይ። ስድስት ዓመት አብሬሽ ተቀምጫለሁ ብዬ ነበር። ለካ ብቻዬን ነው የተቀመጥኩት።"

ያሰብኩት እሷን ማሳረፍ ነበር፤ ግን በሐሳቧ እየመጣች የምትጠይቀኝበትን ቦታ ነው የቀማኋት።

"ነገ ቤቱን አሳዪኝ" አለች።

ቅዳሜ

የሰፈሩን ስም አውቃለሁ፤ የሕንፃውን ስምም ለማዳሜ ይመጣ በነበረው ደብዳቤ ላይ አንብቤዋለሁ። ማሕሙድ በዳቦ ማመላለሻው ወሰደን። እናቴ ከፊት፣ እኔና ከድጃ ከኋላ በዱቄት መሃል። ስንወርድ ቀሚሳችን ነጭ ሆኖ ነበር፤ ከድጃ ሳቀች፤ እናቴ አልሳቀችም።

ሕንፃው ሰባት ፎቅ ነው። በሩ ላይ ዘበኛው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ለማሕሙድ ሰላምታ ሲመልስ ግን ድምፁን ወዲያው አወቅሁት። እሱም ሲያየኝ ቆይቶ ተነሳ። "የአምስተኛው ፎቅ ሰዓዳ" አለ።

ይህን ሰው በስድስት ዓመት ውስጥ በቅርብ አይቼው አላውቅም። ማዳሜ ዳቦና አትክልት ሲያስፈልጋት በረንዳው ላይ ሆኜ በገመድ የታሰረ ቅርጫት አወርዳለሁ፤ እሱ ከታች የታዘዘውን ይሞላበታል። ከታዘዘው ሥር ሁልጊዜ አንድ መንደሪን ይኖር ነበር። ለማን እንደሆነ አንድም ቀን አልነገረኝም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። ስሙን ያወቅኩት ያን ቅዳሜ ነው። አቡ ሙስጠፋ ይባላል፤ ከሶርያ የመጣ ነው።

ለእናቴ ተረጎምኩላት። መንደሪኑን ስነግራት ቀና ብላ ዘበኛውን አየችው።

ማዳሜ አገር ለቃ ከሄደች ቆይታለች አለን። ቤቱ ተቆልፏል። "ግን ጣሪያው ላይ ላውጣችሁ" አለ፤ "በረንዳው ከላይ ይታያል።"

ወጣን። እናቴ ጠርዙን ይዛ ወደ ታች አየች። የልብስ ማስጫው ሽቦ አለ፤ የመኝታ ክፍሌ ትንሽ በር ወደ በረንዳው ይከፈታል፤ እሱም ነበረ።

"ርዝመቱ ስንት እርምጃ ነው?" አለች።

"አምስት።"

ጣሪያው ላይ አምስት እርምጃ ተራመደች። ስድስተኛውን ልታነሳ ስትል እግሯን መለሰች። ዞራ አምስቱን ተመለሰች። እንደገና ሄደች። ከዚያ ቆማ ቀና አለች። በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ያ ቀበቶ የመሰለ ሰማያዊ ነገር አለ።

"ከዚህ ሆነሽ ነው ባሕር ዳር ነኝ ያልሽኝ?"

"አዎ እማ። ይታይ ስለነበር።"

ለረጅም ጊዜ አየችው። "ይታያል" አለች። "ሙሉ ውሸት አይደለም።" እጄን ያዘችኝ። ከዓርብ ወዲህ ስትነካኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ስንወርድ ለከድጃ ያመጣችውን ዳቦ ቆሎ ግማሹን ከቦርሳዋ አውጥታ ለአቡ ሙስጠፋ ሰጠችው። መዳፏን ዘርግታ በአማርኛ ዱዓ አደረገችለት፤ ረጅም ዱዓ። ዕድሜውን፣ ጤናውን፣ ልጆቹን ጠራች። እሱ አማርኛውን አይሰማም፤ ግን መዳፉን ዘርግቶ "አሚን" አለ። ሲጨርሱ ቀስ ብሎ፣ "እናቴ መንደራችን ናት፤ ካየኋት ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ለእሷም ዱዓ አድርጊልኝ በያት" አለኝ። ነገርኳት። እንደገና መዳፏን ዘረጋች።

ያን ቀን እራት ላይ እናቴ ሦስት ሳህን በላች። ወይራውን ግን በእጇ ወደ እኔ ገፋችው።

እሁድ

አምስታችን ወጣን፤ እኔ፣ እናቴ፣ ከድጃ፣ ማሕሙድና የማሕሙድ አሮጊት አክስት። ከከተማው ወጣ ብሎ ጠጠር ያለበት ዳርቻ አለ፤ ሰው ቤተሰብ ቤተሰቡን ይዞ ምንጣፍ ያነጥፋል። ማሕሙድ ዓሣ ጠበሰ። የእናቴ በርበሬ ወጣ። አክስቲቱ በዳቦ ነካ አድርገው ቀምሰው፣ ሳል ይዟቸው፣ ውሃ ጠጥተው፣ እንደገና ነካ አደረጉ። እናቴና እሳቸው አንድ የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው ሁለት ሰዓት ተጫወቱ። አንዷ ጉልበቷን ታሳያለች፤ ሌላዋም ጉልበቷን ታሳያለች።

ከዚያ እናቴ ጫማዋን አወለቀች። "ነዪ" አለችኝ።

ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ላይ ደረሰ። ቀዝቃዛ ነው። ሲመለስ ከእግራችን ሥር ጠጠሩን እየጎተተ ይወስዳል፤ መሬቱ የሚሸሽ ይመስላል። እናቴ ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ወደ ውስጥ ሄደች። እስከ ጉልበት። ቀሚሷ ተንሳፈፈ። ጣቷን ነክራ ቀመሰችው።

"የአፍዴራ ጨው ነው" አለች። "ይሄን ሁሉ ማን ጨመረበት?"

ትልቅ ማዕበል መጣ። ሁለታችንም ቁጭ አልን። ውሃው አንገታችን ደረሰ፤ ነጠላዋ ሄደ፤ ዳር የነበረው ጫማዋም አንዱ ተከትሎት ሄደ። ማሕሙድ ከነልብሱ ገብቶ ነጠላውን አመጣ፤ ጫማው ግን ወደ ቆጵሮስ አቀና። እናቴን ላነሳት ስታገል ትስቃለች። እንደዚያ ስትስቅ አባቴ ከሞተ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ሳቅኩ፤ እንባዬም መጣ፤ በጨው ውሃ ውስጥ የማን እንደሆነ አይለይም።

ስንደርቅ እሷ ራሷ አንድ ድንጋይ መረጠች። ጥጉን ለቀቀችልኝ። ፀሐይ ወደ ውሃው እስክትጠጋ እዚያ ተቀመጥን።

ሰኞና ማክሰኞ

ከድጃ እያለቀሰች ሸኘችን። እናቴ አንዱን እግሯን በከድጃ ጫማ፣ ሌላውን በራሷ ጫማ ልትሄድ ነበር፤ "ያለኝ ጫማ ለምን ይጣላል" ብላ። በግድ ነው ያስቀየርናት።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ዱዓዋን ጨርሳ ወደ እኔ ዞረች። "አሁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሪ።"

"የቱን?"

"እውነተኛውን። ምንም እንዳታስቀሪ።"

ከአውሮፕላን ማረፊያው ክፍል ጀመርኩ። "መስገጃ አልነበረም" ስላት፣ "ወንበር የተደረደረበት መስገጃ አይቼ ስለማላውቅ ጠርጥሬ ነበር" አለች። የመጀመሪያውን ሌሊት ነገርኳት። ሳህን የሰበርኩበትን ቀን፣ በረመዳን ብቻዬን ያፈጠርኩበትን፣ እኔ ስታመም ማዳሜ ሦስት ቀን አጠገቤ መቀመጧን፣ ከቅርጫቱ ያገኘሁትን የመጀመሪያ መንደሪን። ክፉውንም ደጉንም። አንዳንዱ ላይ "እሺ"፣ አንዳንዱ ላይ "አብሽሪ፣ አይዞሽ" ትላለች፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ በመስኮት ታያለች፤ ግን አቁሚ አላለችኝም። አዲስ አበባ ስናርፍ የመጀመሪያው ዓመት አላለቀም ነበር። ያረፍንበት ቤት ቀጠልኩ። ወደ ኮምቦልቻ ስንበር ደግሞ ቀጠልኩ፤ ያን ጊዜ ቦርከናም ሳታየው አለፈ።

አህመድ አውሮፕላን ማረፊያው ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ሻንጣችንን ጫነና "ፍጠኑ፣ ቤቱ በሰው ሞልቷል። እትዬ ሮሚያ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠዋል፤ የባሕሩን ወሬ ለመስማት" አለ። ሞተሩን አስነሳ።

እናቴ ከኋላ፣ ከእኔ ጎን ነበር የተቀመጠችው። እጇን ዘርግታ ትከሻውን ነካችው።

"አጥፋው" አለችው። "ቤት ከገባን ሰው አያስወራንም። እህትህ ገና ሁለተኛው ዓመት ላይ ናት።"

አህመድ በመስታወቱ አየኝ። እሱም ቢሆን እውነቱን አንድም ቀን ሰምቶ አያውቅም። ሞተሩን አጠፋ፤ ወንበሩ ላይ ወደ እኛ ዞሮ ተቀመጠ።

"ቀጥዪ" አለች እናቴ።

ቀጠልኩ።